የቧንቧው ሌላኛው ጫፍ

ባለፈው ጥቅምት አባቴ ደወለልኝና፣ "ብረት ለቃሚዎቹ ቅዳሜ ይመጣሉ፤ ከመውሰዳቸው በፊት ማየት ከፈለግሽ ነይ" አለኝ። ምኑን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ቅዳሜ በጠዋት ተነስቼ ከኮሎምበስ በኢስትሙር ሰፈር በኩል ወደ ምሥራቅ ነዳሁ። ቤቶቹ እየተራራቁ፣ የበቆሎ ማሳው እየበዛ ሲሄድ ያ የቆርቆሮ ጣሪያ ከመንገዱ በስተግራ ብቅ አለ። የአባቴ የእንጨት ሥራ ቤት ነው። ከኋላው ሠላሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ቦይለሩ ቆሟል። ዝጓል፣ ጭስ ማውጫው ተንጋዷል፣ አናቱ ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታለች። ቢሆንም ቆሟል።

የቦይለሩን በር ሳብኩት። እርጥብ አመድ፣ ዝገትና የከረመ ጭስ አንድ ላይ ሆነው ሸተቱኝ። አባቴ ከኋላዬ "እጅሽን እንዳይቆርጥሽ" ይለኛል፤ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ስምንት ዓመቴ ላይ ነበርኩ። ሐምራዊ ጃኬት የለበስኩ፣ አንድ ጓንት የጠፋብኝ፣ እና ይህንን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፣ በዚያ ሥራ ቤት ውስጥ ከነበሩት ሠራተኞች ሁሉ የምበልጥ ሠራተኛ ነበርኩ።

ነገሩ የተጀመረው በኮላ ነው። በዚያ ዓመት ቤተ ክርስቲያናችን ከተከራየችው አዳራሽ ወጥታ ወደ ራሷ ሕንፃ ልትገባ ነበር። ሕንፃው አሜሪካኖች የለቀቁት አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ግድግዳና ጣሪያ አለው፣ መቀመጫ ግን የለውም። የሽማግሌዎቹ ስብሰባ ላይ አባቴ ብድግ ብሎ፣ ሠላሳውንም አግዳሚ ወንበር እኔ እሠራለሁ፣ ለፋሲካ ይደርሳል አለ። እናቴ ይህንን የሰማችው ከሌላ ሰው ነው። ለሁለት ቀን አላናገረችውም።

ኅዳር መጨረሻ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወንበሮች አለቁ። ዮናስ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ አባቴን የሚያግዝ ተማሪ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ከአራት ልጆች ጋር ቤት ተከራይቶ ይኖራል፣ ከሲታነቱን ለማወቅ ሁለቴ ማየት አያስፈልግም። ወንበሩን ሊሞክር ተቀመጠ። ገና ጀርባውን ሳያስደግፍ መገጣጠሚያው ቀስ ብሎ ተከፈተና ዮናስ ሰጋቱራው ላይ ተዘረረ። እኔ ሳቅኩ። አባቴ ግን ተንበርክኮ ኮላውን በጥፍሩ ፋቀው፤ እንደ ጠመኔ ነጭ ዱቄት ሆኖ ረገፈ። ኮላው ሳይይዝ በርዶታል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተሞከረ። ውስጥ እሳት ማንደድ አይታሰብም፤ ቤቱ ሙሉ ሰጋቱራና ቫርኒሽ ነው። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሁለት ተገዛ፤ መጋዙ ሲነሳ የመብራቱ ብሬከር ቷ ይልና ቤቱ ይጨልማል። አባቴ በረዶ የተሸከመውን ጣሪያ እያየ ዝም ብሎ የሚቆምበት ጊዜ በዛ።

ጋሼ ደምሴን ያመጣቸው ይህ ዝምታ ነው። ጋሼ ደምሴ የእትዬ አልማዝ አባት ናቸው፤ እትዬ አልማዝ ኢስተን የሚባለው ሰፈር ያለ ሆቴል ውስጥ የምትሠራ የሰፈራችን ሰው ናት። አባቷን ካስመጣቻቸው ዓመት ሞልቷል። አዋሽ ዳር በነበረ ስኳር ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ቦይለር ሲያነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚህ ግን አንድ ሥራ ብቻ ነበራቸው፤ ማረፍ። ወንበር ሲያነሱ "ጋሼ ይረፉ" ይባላሉ። ከመኪና ዕቃ ሲያወርዱ "ኧረ ጋሼ ይረፉ" ይባላሉ። በረዶ ሊጠርጉ አካፋ ከያዙማ ሦስት ሰው ይሮጥባቸዋል። እኔ ይህንን ሁሉ ሳይ ታመው መሰለኝ። ያየ ሁሉ ይረፉ የሚላቸው በሽታ ቢኖርባቸው ነው ብዬ፣ አንድ እሑድ በልጆች ጸሎት ላይ እጄን አውጥቼ፣ ጋሼ ደምሴን እግዚአብሔር ከማረፍ እንዲፈውሳቸው ጸለይኩ። አስተማሪያችን ቶሎ ብላ አሜን አለች።

አባቴ አንድ ቅዳሜ ለጨዋታ ያህል ይዟቸው መጣ። የተከፈተውን ወንበር አዩ፣ ጠመኔ የሆነውን ኮላ በጣታቸው አሹ፣ በመስኮት ወደ ውጪ ተመለከቱ። ከዚያ፣ እሳቱ ውጪ ሆኖ ሙቀቱ ብቻ ቢገባስ ብለው ጠየቁ። ውሃ ውጪ አሙቆ በቧንቧ ማስገባት ነው፤ እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት እሱን ነው። የሚናገሩት ቀስ ብለው ነበር፣ ግን ጠመኔ አንስተው ሲሚንቶው ላይ መሳል ሲጀምሩ እጃቸው ፈጣን ነበረ። አባቴ ስዕሉን ቆሞ አየ። በማግሥቱ እንዳይረገጥ በሣንቃ ሸፈነው።

የቦታው ባለቤት አሜሪካዊት አሮጊት ነበሩ። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ፤ እሳቱ ከቤቱ ይራቅ፣ የቤቱ ሲሚንቶም አይሰበር። ማገዶውን ግን ውሰዱልኝ አሉ። አሽ የሚባለውን ዛፍ በዚያ ዘመን ጥንዚዛ በልቶት በየጓሮው ቆሞ ደርቆ ነበር፤ የእሳቸው ጓሮ ብቻ ለሁለት ዓመት የሚበቃ ማገዶ ነበረው።

ሥራው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ከብረት ተራ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ በርሜል መሳይ ወፍራም ታንከር ተገኘ። ትንሹ ትልቁ ውስጥ ገባ፤ በትንሹ ውስጥ እሳት፣ በሁለቱ መሃል ውሃ። ብየዳውን ጋሼ ደምሴ ራሳቸው ያዙት። በዚያ ቀን ይረፉ ያላቸው ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ጭንብሉን አድርገው ስለነበር ቢባሉም አይሰሙም። ከላይ ቀጭን ቧንቧ ሰማይን እያየ እንዲቆም አደረጉና፣ ቦይለር መተንፈሻ ከሌለው እንደ ቦምብ ይፈነዳል ብለው ነገሩኝ። እኔ ያንኮራፋል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። መልሱ እስኪነድ ድረስ እንደሚቆይ በቁም ነገር ነገሩኝ።

ቦይ ቆፈርን። መሬቱ በብርድ መድረቅ ጀምሮ ስለነበር ዶማው ይነጥር ነበር። ሁለቱ ቧንቧዎች፣ ሂያጁና ተመላሹ፣ ሙቀት በሚይዝ ነገር ተጠቅልለው ተቀበሩ። ቤቱ ጋ ሲደርሱ ሲሚንቶው አይሰበርም ስለተባለ፣ ቧንቧው ግድግዳውን ይዞ ወጣና በበሩ አናት ላይ ታጥፎ ወረደ፤ ከዚያ ከአሮጌ ካሚዮን የተፈታ ራዲያተር ውስጥ ገባ። ከራዲያተሩ ኋላ ነፋስ የሚነፋ ማራገቢያ ቆመ። ያቺን የበሩ አናት ላይ ያለች እጥፋት ልብ በሉልኝ፤ ያን ጊዜ ማንም ልብ አላላትም።

እሳት የተለኮሰው የገና ሰሞን ነው። አባቴ ጸለየ፤ ጋሼ ደምሴ ዓይናቸውን ጨፍነው አሜን እያሉ በእጃቸው ማገዶ ይጨምሩ ነበር። ጭሱ መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ ነጭ፣ በመጨረሻም የማይታይ ሆነ። እኛ ወደ ውስጥ ገብተን ራዲያተሩን ከበን ቆምን። እሳቸው እሳታቸው ዘንድ ቀሩ።

እዚህ ላይ ስለ መዳፋቸው መናገር አለብኝ። ሠላሳ ዓመት የጋለ ቫልቭ ሲዘጉና ሲከፍቱ ኖረው መዳፋቸው እንደ ጫማ ቆዳ ደንድኗል። ፍም በጣታቸው ያነሱ ነበር። ለብ ያለውንና የሞቀውን ግን አይለዩም። ፋብሪካ እያሉም፣ ሙቀቱ መድረስ አለመድረሱን የሚነግራቸው ከቧንቧው ሌላኛው ጫፍ የቆመ ሰው ነበር፤ እሱ ጨምር ሲል ይጨምራሉ፣ በቃ ሲል ይቀንሳሉ። ይህንን ብዙ ጊዜ ነግረውናል። የሰማናቸው መስሎን ነበር።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ፊታቸው በእሳት ቀልቶ፣ ጢማቸው ላይ አመድ ይዘው በሩን ከፈቱ።

"እህ፣ ደረሳችሁ?" አሉ።

አባቴ እጁን ራዲያተሩ ላይ እንዳደረገ ነበር። እኔም አድርጌ ነበር። ለብ ብሏል፤ እሱም ታች ታቹን። አባቴ ፊታቸውን አየ። በዓመት ውስጥ አንድም ቀን እንደዚያ አላየናቸውም፤ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ዓይናቸው ይጠይቃል። አባቴ ጃኬቱን አወለቀ።

"እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ፣ ሞቀ።"

ዮናስም አወለቀ። ምሳ ይዛ የመጣችው እናቴ አንገቷ ላይ የነበረውን ሻርፕ ፈትታ፣ ኧረ ላብ በላብ ሆንን አለች። ከአፏ እንፋሎት እየወጣ። ከዚያ ዓይኗን ወደ እኔ አጉረጠረጠች፤ እኔም አወለቅኩ። ጋሼ ደምሴ ፈገግ ብለው ወደ እሳታቸው ተመለሱ፤ በሩ እንደተዘጋ ሁሉም ጃኬቱን ለበሰ።

እኔ ይህንን እንደ ደንብ ያዝኩት። ወንዶች ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ኮፍያ እንደሚያወልቁ፣ ጋሼ ደምሴ ሲገቡ ጃኬት ይወልቃል፤ ሲወጡ ይለበሳል። አንድ ቀን ረስቼ ሳላወልቅ ቀርቼ ራሴን ወቅሻለሁ።

ጉዱ የፈላው እንዲህ ነው። ጋሼ ደምሴ፣ ልጆቹ እያላባቸው ነው፣ በዝቶባቸዋል አሉና ማገዶ ቀነሱ። ሲቀንሱ ቤቱ ባሰበት። በገቡ ቁጥር ደግሞ የበለጠ አመሰገንናቸው፤ ዮናስማ አንዴ በካናቴራ ቆሞ ጠበቃቸው። እሳቸውም የአየር መግቢያውን ጨርሰው ዘጉት። እኛ ስናመሰግን እሳቸው ሲቀንሱ፣ ጥር ተጋመሰ።

አባቴ ኮላውን መላ መታለት። ጎን ጎኑ እንደ ራዲያተር የተሸነሸነ፣ ውስጡ ዘይት ያለው፣ ሳይቀላ የሚሞቅ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝቶ፣ ኮላ የተቀባው ወንበር በሞርሳ ተጠብቆ የሚያድርበት ጠረጴዛ ሥር አስቀመጠውና በሸራ ጋረደው። ኮላው ያዘ። መጋዙ ሲነሳ ግን አልፎ አልፎ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ጋሼ ምን ሆናችሁ ሲሉ አባቴ መብራቱ ነው ይላል። ለኔ ማንም ያስረዳኝ የለም። ሸራውን ገልጬ አየሁት፤ ትልቁን ራዲያተር ይመስላል፣ ያነሰ ነው፣ ደግሞም ይሞቃል። የጋሼ ደምሴ ቧንቧ ልጅ ነው ብዬ ደመደምኩ።

በዚያ ወር ቅዳሜዎቼ ሁሉ ከእሳቸው ጋር አለፉ። የእንጨት ዘንግ አንዱን ጫፍ ውሃውን በቧንቧው የምትገፋው ትንሽ ፓምፕ ላይ፣ ሌላውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ማዳመጥ አስተማሩኝ። ማገዶው ተሰንጥቆ መቼ እንደሚጨመር፣ አመዱ በየት በኩል እንደሚሳብ አሳዩኝ። እኔ እሳቸውን "አንተ" እላቸው ነበር፤ አማርኛዬ ከቤት አልፎ አያውቅምና ሰውን ሁሉ አንተ ነበር የምለው። እናቴ በሰማች ቁጥር ትሸማቀቃለች። እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ አላረሙኝም።

አንድ ቅዳሜ በረዶው ጉልበቴ ደርሶ ሳለ፣ እሳቱ ዳር ጉቶ ላይ ተቀምጠን፣ ትምህርት ቤቴ እንዴት እንደሚሞቅ ጠየቁኝ። ትምህርት ቤታችን ከአባዬ ሾፕ ይሻላል አልኳቸው። ከዚያ ቅር እንዳይላቸው ብዬ አከልኩበት።

"ግን ያንተ ትንሹ ሁሉንም ይበልጣል።"

"ትንሹ የቱ ነው?"

"ጠረጴዛው ሥር ያለው። እሱ ሆት ነው። ትልቁ ግን ኮልድ ነው።"

ጋሼ ደምሴ በእጃቸው የነበረውን ማገዶ መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ተነሱና እጄን ያዙኝ፤ አሳዪኝ አሉ። ስንገባ አባቴና ዮናስ እንደተለመደው ጃኬታቸውን አወለቁ። እኔ በኩራት ሄጄ ሸራውን ገለጥኩት። ጋሼ ጎንበስ ብለው ማሞቂያውን አዩ፤ ከኋላው የወጣውን ገመድ በዓይናቸው እየተከተሉ እስከ ግድግዳው ሶኬት ሄዱ። ከዚያ ካናቴራ የለበሰውን ዮናስን አዩ፤ ክንዱ ላይ ያለው ጠጉር ቆሟል። አባቴን አላዩትም።

ጋሼ ደምሴ ሸራውን አንስተው ቀድሞ እንደነበረው አድርገው፣ ጠርዙን ሳይቀር አስተካክለው መለሱት።

"ኮላው እንዳይበርደው" አሉ።

ከዚያ ዮናስን ቤት እንዲያደርሳቸው ጠየቁት። መሳሪያቸውን አልያዙም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም። በተከታዩም አልመጡም። እኔ ምን እንዳጠፋሁ አላወቅኩም፤ እንዳጠፋሁ ግን አውቄያለሁ፣ ምክንያቱም አባቴ አልተቆጣኝም። ውሃው በርዶ ቧንቧውን እንዳይሰነጥቅ እሳቱን ራሱ ያቆየው ነበር፤ ጥቁር ጭስ ከመሥራት በቀር አልሆነለትም። ሠላሳ ወንበር ይጠበቃል፣ ያለቀው ዘጠኝ ነው፣ አንድ ማሞቂያ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከአንድ ወንበር በላይ አያደርቅም። ፋሲካ እየቀረበ ነበር።

አንድ ማታ ራት ላይ እትዬ አልማዝ ደወለች፤ እናቴ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋው ነበር። አባዬ ምን ሆኖ ነው አለች፤ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ይውላል፣ ቲቪውን እንኳ አይከፍትም፣ ምን ሆንክ ስለው እያረፍኩ ነው ይለኛል። እኔ ይህንን ስሰማ ሹካዬን አስቀመጥኩ። በሽታቸው ተመልሶባቸዋል፤ የመለስኩባቸውም እኔ ነኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። እስከዛሬ ካለቀስኳቸው ልቅሶዎች ሁሉ ያን የሚያህል እውነተኛ አላውቅም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አባቴ ብርቱካን ገዛና እኔን ይዞ እነ እትዬ አልማዝ ቤት ሄደ። ጋሼ ደምሴ በነጠላ ጫማ ሶፋው ላይ ነበሩ። አባቴ ጉልበታቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ትከሻውን ይዘው አስቀሩት። እንዳይከፋዎት ብለን ነው ጋሼ አለ፤ ክብርዎን ነክተን ከሆነ ይቅር ይበሉን አለ። ብዙ አለ። እሳቸው እስኪጨርስ ጠበቁት።

"ተስፋዬ፣ ሠላሳ ዓመት እሳት ዳር ስቆም ከወዲያ ያለው ሰው ዋሽቶኝ አያውቅም" አሉ። "በረደን ሲሉኝ እጨምራለሁ፣ በቃ ሲሉኝ እቀንሳለሁ። እናንተ ላብ በላብ ሆንን አላችሁኝ፣ እኔ ማገዶ ቀነስኩባችሁ። ልጅህን ጭምር በብርድ ቀጣኋት። እንደ ሠራተኛ ብታዩኝ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን፣ ሰውዬ ሥራህ አልሠራም ትሉኝ ነበር።"

አባቴ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተከለ። ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር። ጋሼ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሶሲ፣ ትልቁን ነክተሽዋል?"

"አዎ።"

"ንገሪኝ።"

አባቴን አየሁት፤ ቀና አላለም። ስለዚህ የነካሁትን ተናገርኩ።

"ላዩ ኮልድ ነው። ታቹ ትንሽ ዋርም ነው። በሩ ላይ ያለው ቧንቧ ደግሞ ጉልቅ ጉልቅ ይላል።"

"ጉልቅ ጉልቅ?"

"እንደ ሆድ። ሲርብህ እንደሚለው።"

ጋሼ ደምሴ ከሶፋው ወደ ፊት መጡ። ጉልቅታው ያለማቋረጥ ነው ወይስ እየቆመ ብለው ጠየቁኝ፤ እየቆመ ነው አልኳቸው። ራዲያተሩ የቀዘቀዘው እስከ የት እንደሆነ በክንዳቸው ላይ እንዳሳይ አደረጉኝ፤ ከክርናቸው በላይ ያለውን ሁሉ አሳየሁ። ከዚያ ልጃቸውን ጠሩ።

"አልማዝ፣ ጫማዬን።"

እትዬ አልማዝ ከኩሽና ብቅ ብላ፣ "አባዬ ዛሬ እሑድ ነው፤ አረፍ በል እንጂ" አለቻቸው። ቀና ብለው አዩዋት። ጫማውን አመጣች።

በመንገድ ላይ ለአባቴ አስረዱት። ውሃ ሲሞላ አየር ይዞ ይገባል፤ አየር ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ይፈልጋል። በበሩ አናት ላይ ያቺ እጥፋት አለች፤ አየሩ እዚያ ተቀምጦ ውሃውን አላሳልፍ ብሎታል። ትንሿ ፓምፕ ደግሞ ልትገፋው አቅም የላትም። መተንፈሻ የሠሩት ለቦይለሩ ብቻ ነው፤ ለእጥፋቱም ያስፈልገው ነበር። የኔ ጥፋት ነው አሉ፤ ግን ጥፋቴን የሚነግረኝ ሰው ጠፍቶ ወር ሙሉ ቆየ። ይህንን ሲሉ አልተከፉም። እንዲያውም ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነበር።

መሰላሉ ላይ ራሳቸው ወጡ። አባቴ አፉን ከፍቶ መልሶ ገጠመው። ፓምፑ ቆመ፤ የእጥፋቷ አናት በትራፓኖ ተበሳና ትንሽ ቫልቭ ገባላት። ቫልቯን ከፈት ሲያደርጓት ቧንቧው ፊሽ ብሎ ረዥም ትንፋሽ አወጣ፤ ከዚያ መትፋት ጀመረ፤ ከዚያ ፊታቸው ላይ ውሃ ረጨ። ዘጉት። ፓምፑ ተነሳ፣ እሳቱም ተቀሰቀሰ። እኔ ራዲያተሩ ጋ ቆሜ እጄን አናቱ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ የሆነ ነገር ከታች እየወጣ መጣ። ጣቶቼ ሥር ደረሰ፤ አለፈ፤ ጨመረ።

"ምን ትያለሽ?" አሉ ከመሰላሉ ላይ።

"ሆት።"

"የምር?"

እጄን ስቤ አራገብኩት። "አቃጠለኝ።"

ያን ጊዜ ሳቁ። ከጎን ሁለት ጥርስ እንደሌላቸው ያወቅኩት በዚያ ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ደንብ ወጣ። ስለ ሙቀቱ ለጋሼ ደምሴ የሚናገረው ሶሲ ብቻ ናት፤ ሌላው ሰው፣ አባቴም ቢሆን፣ ቢጠየቅ እንኳ አይመልስም። ቦይለሩ ከመስኮቱ ይታያል፤ መዳፍ ከተዘረጋ ደህና ነው፣ ጡጫ ከሆነ በርዷል፣ ሁለት እጅ ወደ ላይ ከተነሳ በዝቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ መስኮቱ ላይ ሳጥን ተደርጎልኝ እዚያ ላይ እቆማለሁ። እሳቸው ከውጪ ቀና ሲሉ አሳያለሁ። አንድም ጊዜ አልዋሸሁም። መዋሸት እንደሚቻልም አልመጣልኝም።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ረፋድ ላይ አባቴና ዮናስ ጃኬታቸውን ያወልቃሉ፤ ጋሼ ደምሴ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ጃኬቱ ግን እንደተሰቀለ ይውላል። ልዩነቱ ያን ጊዜ ገባኝ። ለእናቴ ስነግራት ወደ ግድግዳው ዞራ ሳቀች።

ሠላሳኛው ወንበር ያለቀው የስቅለት ዕለት ነው። ፋሲካ ጠዋት ኮሎምበስ ላይ ቀዝቃዛ ዝናብ ይዘንብ ነበር። አዲሱ ሕንፃችን በሰው ሞላ። የግድግዳውን ሥር ተከትለው የቆሙ አሮጌ የብረት ራዲያተሮች ነበሩት፤ ምድር ቤት ደግሞ የራሱ ቦይለር። የሕንፃ ኮሚቴው ሁለት ሰዎች ማልደው አስነስተውታል፤ ተሠርቷል፣ ሞቋል ብለው በር ላይ ለሚገባው ሁሉ ይናገራሉ። ጋሼ ደምሴ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። አስተናጋጆቹ በግራና በቀኝ ይዘው ከፊት፣ አባቴ በመጀመሪያ የሠራውና ዳግም ያጣበቀው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። "ጋሼ፣ እዚህ ይረፉ" ሲሏቸው እኔ ድረስ ተሰማኝ።

መጋቢው ወደ መድረክ ወጥቶ በገዛ ቤታችን እንዴት ሞቆናል ሲል ጉባኤው በአንድ ድምፅ አሜን አለ። ከፊቴ ያሉት እናቶች ካፖርታቸውን አገጫቸው ድረስ ቆልፈዋል። አንዷ እጇን ብብቷ ውስጥ ከትታ ነው አሜን ያለችው። ኮሚቴዎቹ በር ላይ ቆመው እያዩ ማን በረደን ይላል።

ጋሼ ደምሴ ከፊት ወንበር ዞር አሉ። በሰው ትከሻ መሃል ሲፈልጉ ቆዩና አገኙኝ። እኔ ከልጆች ጋር የግድግዳው ጥግ ላይ፣ ከራዲያተሩ አጠገብ ነበርኩ። ጸሎት ተጀመረ፤ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ እጄን ራዲያተሩ አናት ላይ አድርጌ እስከ አምስት ቆጠርኩ። ከዚያ ጡጫዬን አነሳሁ።

ተነሱ። ወንበሩ ድምፅ አላሰማም። አስተናጋጆቹም ዓይናቸውን ጨፍነው ነበርና ያያቸው አልነበረም፤ በጎን ያለውን በር ከፍተው ወደ ምድር ቤት ወረዱ።

ስብከቱ እኩል ሲደርስ ከሥር ቧንቧ ሲንኳኳ ተሰማ፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ጀርባዬ ላይ ለብ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ከፊቴ ያሉት እናት ካፖርታቸውን አወለቁ፤ ቀጥሎ ጎረቤታቸው፤ ቀጥሎ ረድፉ ሁሉ። ማንም አውልቁ አላላቸውም። እጄን መልሼ ራዲያተሩ ላይ አደረግኩና መዳፌን ወደ ፊተኛው ወንበር ዘረጋሁ። ቦታው ባዶ ነበር። ጋሼ ደምሴ ሥራ ላይ ነበሩ።